ላቲኖዎች አሜሪካን ምን ያህል ለወጧት? ከታኮ ያለፈ ውይይት

አዳምስ ሞርጋን (ዋሽንግተን ዲሲ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። በ2026 የሱፐር ቦውል (የአሜሪካ እግር ኳስ ፍጻሜ) እረፍት ላይ ፖርቶ ሪኮአዊው ዘፋኝ ባድ ባኒ መድረኩን ይዞ በስፓኒሽ ከዘፈነ ወዲህ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተሰልፈን ተሳፋሪ የምንጠብቅ ባለታክሲዎች ሌላ ወሬ የለንም። አንዱ «ትናንት መጥተው ዛሬ አገሩን የግላቸው አደረጉት» ይላል። ሌላው «ምን አመጡ? ታኮና ዳንስ ነው» ብሎ ያጣጥላል፤ ታኮ ያለው በቂጣ ታጥፎ የሚበላውን የሜክሲኮ ምግብ ነው። ሁለቱም ያናድዱኛል። እርስ በርሳቸው የሚቃረኑ ሆነው ሳሉ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰው አፍ መውጣታቸው ደግሞ ይብሳል።

በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 62 ሚሊዮን ያህል ሰው ራሱን ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ (እርሱ ወይም ዘሩ ከላቲን አሜሪካ ወይም ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገር የሆነ) ብሎ አስመዝግቧል። ከአምስት ሰው አንዱ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል ማለት ነው። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ምግቡና ዘፈኑ ፊት ለፊት ስለሚታይ ሁሉም ያወራዋል። ትልቁ ለውጥ ግን የሚገኘው የመንግሥት ቢሮ መስኮት ላይ፣ ትምህርት ቤት ውስጥና እርሻ ላይ ነው። አሜሪካ እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው ሲመጣባት ምን እንደምታደርግ ያስተማሯት በአብዛኛው እነርሱ ናቸው። እኛ ሐበሾችም እነርሱ በከፈቱት በር ገብተናል፤ ብዙዎቻችን ግን አናውቀውም።

ማስረጃዬን አመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የእናንተን ልስማ። ዓመተ ምሕረት ስትጽፉ እባካችሁ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይሁን፤ ባለፈው ውይይት ግማሹ ሰው በሁለት አቆጣጠር ሲጨቃጨቅ አድሮ ነበር።

ወጥ ቤት (ሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ)

ታኮን ያናናቀው ባለታክሲ እኔ ከተማ ይምጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እዚህ ሳን አንቶኒዮ ሜክሲኳውያት ሴቶች ሲመሽ ድስታቸውን ይዘው አደባባይ ይወጡ ነበር። በፋኖስ ብርሃን በርበሬ የበዛበት የሥጋ ወጥ ይሸጣሉ፤ የቺሊ ንግሥቶች ይሏቸው ነበር። ዛሬ በቆርቆሮ ታሽጎ በየሱቁ የተደረደረው ቺሊ የእነዚያ ሴቶች ወጥ ነው። ቴክሳስ በ1977 የግዛቲቱ ምግብ ብላ አውጃዋለች። ሴቶቹን ግን አላቆየቻቸውም፤ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የከተማው የንጽሕና ደንብ እያሳደደ ከአደባባዩ አስወጣቸው።

ይህ ዓይነቱ ታሪክ ይደጋገማል። ፍሪቶስ የሚባለውን የበቆሎ ጥብስ የፈጠረው ድርጅት በ1932 እዚሁ ከተማ ውስጥ ሲጀመር፣ ባለቤቱ ዱሊን አሠራሩን የገዛው ከአንድ ሜክሲኳዊ ነው። ታኮ ቤልን በ1962 የከፈተው ግሌን ቤል ደግሞ አስቀድሞ ካሊፎርኒያ፣ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ ቋሊማ በዳቦ ይሸጥ ነበር። ፊት ለፊቱ ከ1937 ጀምሮ የሚሠራ ሚትላ ካፌ የሚባል የሜክሲኮዎች ምግብ ቤት አለ። ሰልፉን ከመንገድ ማዶ ሆኖ እያየ ቀናበት፤ እዚያ እየተመላለሰ በልቶ አሠራሩን ተማረ። ሚትላ ካፌ ዛሬም ክፍት ነው፤ አንዲት ቤት ብቻ ናት። የታኮ ቤልን ቅርንጫፎች ብዛት እናንተም ታውቁታላችሁ። ባለሙያዋ አንዷ፣ ባለሀብቱ ሌላው! እኔ ራሴ ለሰው ምግብ ቤት ስሠራ ዓመታት ስላለፉኝ ይህ ነገር አንጀቴን ይበላዋል።

ለማንኛውም፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳልሳ የሚባለው የቲማቲምና የቃሪያ ማባያ በሽያጭ ገንዘብ ኬቻፕን በልጧል። በ2023 ደግሞ ሞዴሎ የተባለው የሜክሲኮ ቢራ በችርቻሮ ሽያጭ ባድ ላይትን አልፎ አንደኛ ሆነ። አንድ አሜሪካዊ ቅዳሜ ማታ ኳስ እያየ የሚበላውንና የሚጠጣውን ስትቆጥሩት ግማሹ ከድንበሩ ወንዝ ከሪዮ ግራንዴ ማዶ የመጣ ነው። ናቾውን ያየን እንደሆነ፣ የሠራው ኢግናሲዮ አናያ ነው፤ ድንበር ላይ ባለችው ፒየድራስ ኔግራስ ከተማ፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ። ከማዶ ለመጡ አሜሪካውያት የወታደር ሚስቶች የሚያቀርበው ቢያጣ እቤት የነበረውን ቺፕስ፣ አይብና ቃሪያ አገናኝቶ አወጣላቸው።

እኛስ? ስንግ ቃሪያውን እዚህ አገር የምንሠራው በምንድን ነው? በሃላፔኞ አይደለም እንዴ?

ጡረተኛ መምህር (ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ)

ልጄ አዳምስ ሞርጋን፣ ጥያቄህ መልካም ነው። ነገር ግን ሁሉንም «ስደተኛ» ብለን ከጀመርን ታሪኩ ይጣመምብናል። ባድ ባኒ ስደተኛ አይደለም። ፖርቶ ሪኮን አሜሪካ በ1898 ከስፔን ወስዳታለች፤ ከ1917 ጀምሮም ሕዝቧ የአሜሪካ ዜጋ ነው። ከሳን ሁዋን ኒው ዮርክ የሚሄድ ሰው ፓስፖርት አያስፈልገውም።

«ትናንት መጡ» ላለው ባልደረባህ ደግሞ ይህን ንገርልኝ። ፍሎሪዳ ውስጥ ያለችውን ሴንት ኦገስቲን ስፔናውያን የቆረቆሯት በ1565 ነው። እንግሊዞች ጄምስታውንን የመሠረቱት በ1607፣ ከ42 ዓመት በኋላ ነው። ሎስ አንጀለስን በ1781 የመሠረቷት 44 ሰፋሪዎች ሲሆኑ፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ የአፍሪካ ደም ነበራቸው፤ ይህን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው። በ1848 ደግሞ ሜክሲኮ በጦርነት ተሸንፋ ካሊፎርኒያን፣ ኔቫዳን፣ ዩታን፣ አሪዞናንና ኒው ሜክሲኮን አብዛኛውን አስረከበች። በዚያ የነበረው ሕዝብ ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አገሩ ተለወጠበት።

አሜሪካ የራሴ ብላ የምትኮራበት ባለፈረሱ የከብት ጠባቂ፣ ካውቦዩስ ከየት መጣ? ኮርቻው፣ ገመድ አወራወሩ፣ ከብት ማተሙ፣ ሰፋፊ ሜዳ ላይ መንጋ መንዳቱ ሁሉ የሜክሲኮ እረኞች ሙያ ነው። ሆሊውድ ግን ኮፍያውን ለነጩ ሰውዬ አድርጎለት ሜክሲኳዊውን ሽፍታ አደረገው። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚያምኑኝ ቆይተው ነበር።

ስለ ትምህርት ቤት ካነሣህ አይቀር የሜንዴዝን ጉዳይ ልጨምር። ኦሬንጅ ካውንቲ ውስጥ የሜክሲኮ ልጆች ተለይተው «የሜክሲኮ ትምህርት ቤት» ይላኩ ነበር። ጎንዛሎ ሜንዴዝና ፖርቶ ሪኮአዊት ባለቤቱ ፌሊሲታስ ከሌሎች ወላጆች ጋር ሆነው ከሰሱ፤ በ1947 በይግባኝም ረቱ። በዚያው ዓመት የካሊፎርኒያ ገዢ በትምህርት ቤት ዘር መለየትን የሚፈቅዱትን የግዛቲቱን ሕጎች የሚሽር አዋጅ ፈረመ። ገዢው ኧርል ዋረን ነበር። በ1954 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኖ በመላው አገሪቱ የጥቁርና የነጭ ተማሪዎችን መለየት ሕገ ወጥ ያለውን ውሳኔ የጻፈውም እርሱ ነው።

እስቲ ይሁን (ሚኒያፖሊስ)

መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ነገሩ ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። የ1565ቱን ሰፋሪና ዛሬ ጣሪያ የሚያድሰውን የሆንዱራስ ልጅ የሚያገናኛቸው ምንድን ነው? ቋንቋው ነው ካላችሁ፣ ቋንቋውም ቢሆን አይዘልቅም። አያት ስፓኒሽ ብቻ፣ ልጅ ሁለቱንም፣ የልጅ ልጅ እንግሊዝኛ ብቻ። ጎረቤቶቼ ከሜክሲኮ ናቸው፤ ልጆቻቸው ለአያታቸው በስልክ የሚመልሱት በምልክት ሊሆን ምንም አልቀረው። ይህንን ከራሳችን ልጆች እናውቀዋለን።

ደግሞስ «ላቲኖ» የሚባል አንድ ሕዝብ የት አለ? የማያሚው ኩባዊና የፍሬስኖው ገበሬ በፖለቲካም በምግብም አይገናኙም። አንድ ላይ የጨፈለቃቸው የአሜሪካ ቅጽ ነው። ለሁሉም ሰው ሂስፓኒክ ነህ ወይ የሚለው ጥያቄ የቀረበው በ1980 ቆጠራ ነው። ስለዚህ እኔን ብትጠይቁኝ አሜሪካ እነርሱን ከለወጠችው ይልቅ እነርሱ አሜሪካን የለወጧት ያንሳል።

ወጥ ቤት (ሳን አንቶኒዮ)

እስቲ ይሁን፣ የልጅ ልጅቷ ስፓኒሽ ብትረሳም የአሥራ አምስት ዓመት ልደቷን ኪንሴአኜራ ብላ ትደግሳለች። እዚህ ከተማ ነጭ ካናቴራ የለበሰ ቴክሳሳዊ ጠዋት ቁርሱን በቶርቲያ (በሜክሲኮ ቂጣ) ጠቅልሎ ካልበላ ሥራ አይገባም፤ ስፓኒሽ ግን አንድ ቃል አያውቅም። እኔ ለውጥ የምለው ይህንን ነው። ባለቤቱ እስኪረሳ ድረስ የሁሉም ሲሆን።

የሸለቆው ነርስ (ፍሬስኖ፣ ካሊፎርኒያ)

ክርክሩ ሁሉ ምግብ ቤት ውስጥ ሆነብኝ። ምግቡን ማን ነቀለው፣ ማን ለቀመው የሚል ሰው የለም?

የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ነው። ከማገላብጣቸው ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ወገባቸው አይቀናም። ምክንያቱን የሚያስረዳ አንድ መሣሪያ አለ፦ እጀታው ከክንድ ያጠረ መኮትኮቻ። ሰላጣና ስኳር ድንች የመሳሰለውን... ይቅርታ፣ ስኳር ድንች ሳይሆን ስኳር የሚወጣበትን ሥር ማለቴ ነው፤ ይህን ሁሉ ሲኮተኩቱ ቀኑን ሙሉ እጥፍ ብለው ነው የሚውሉት። አለቃው ከሩቅ ሆኖ ማን ቀና እንዳለ፣ ማን እንዳረፈ ያይበታል። ካሊፎርኒያ ይህን መሣሪያ የከለከለችው በ1975 ነው። እስከዚያ ድረስ ስንት ወገብ እንደተሰበረ አስቡት።

ከመካከላቸው ብራሴሮ የነበሩ አሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰው ኃይል ሲያጥር አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ተዋውላ ከ1942 እስከ 1964 ድረስ ገበሬዎችን በጊዜያዊ ውል ታስመጣ ነበር። ከ4 ሚሊዮን በላይ ውል ተፈርሟል። አንዳንዱ ሰው ደጋግሞ ስለመጣ የሰዉ ቁጥር ከውሉ ያንሳል። ድንበር ላይ ልብሳቸውን አስወልቀው ዲዲቲ ይነፏቸው ነበር፤ ይህን ሲያወሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል።

ቀጥሎ የመጣውን ታውቃላችሁ፦ የካሊፎርኒያዋ ዴላኖ፣ 1965፣ የወይን ለቃሚዎች አድማ። አድማውን የጀመሩት በላሪ ኢትሊዮንግ የሚመሩ ፊሊፒናውያን ናቸው። ከስምንት ቀን በኋላ ሴሳር ቻቬዝና ዶሎሬስ ዌርታ የሚመሩት የሜክሲኮዎች ማኅበር ተቀላቀለ። አምስት ዓመት ፈጀ። በመላ አገሪቱ የቤት እመቤቶች ወይን አንገዛም አሉ፤ በ1970 ባለርስቶቹ ፈረሙ።

ባህል ካላችሁ ደግሞ ይኸውላችሁ። ሉዊስ ቫልዴዝ የሚባል የአካባቢው ልጅ አድመኞቹን ራሳቸውን ተዋናይ አድርጎ፣ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ፣ እርሻው ዳር ድራማ ያሳይ ነበር። አንገታቸው ላይ «ባለርስት»፣ «አድማ ሰባሪ» የሚል ጽሑፍ አንጠልጥለው ይጫወታሉ። የቺካኖ፣ ማለትም የአሜሪካ ሜክሲኳውያን፣ ቲያትር የተወለደው እዚያ ነው። በ1966 ደግሞ ከዴላኖ እስከ ዋና ከተማዋ ሳክራሜንቶ የጓዳሉፔን እመቤታችንን ሥዕል ከፊት አስቀድመው በዐቢይ ጾም ወቅት በእግራቸው ተጓዙ፤ የደረሱት በትንሣኤ ዕለት ነው። የሠራተኛ ማኅበር ሰልፍ በታቦት ንግሥ ወግ ሲወጣ አሜሪካ ከዚያ በፊት አላየችም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኳስ ሜዳ (ሎስ አንጀለስ)

ስፖርት እንዴት ይረሳል? ቤዝቦል የማይገባችሁ ከሆነ ታገሡኝ፣ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው።

የከተማችን የቤዝቦል ቡድን ዶጀርስ የሚጫወቱበት ኮረብታ በ1950ዎቹ የሜክሲኮ ቤተሰቦች ሰፈር ነበር፤ ቻቬዝ ራቪን ይባላል። ከተማው የመኖሪያ ቤት ግንባታ እሠራለሁ ብሎ አስነሣቸው፤ ግንባታው ቀረ፤ መሬቱ ለቡድኑ ተሰጠ። በ1959 የመጨረሻዎቹን ነዋሪዎች ፖሊስ ተሸክሞ ሲያወጣ ቴሌቪዥን አሳይቶታል። ስታዲየሙ በ1962 ተከፈተ። ብዙ ሜክሲኳዊ እዚያ ሜዳ አልገባም ብሎ ነበር።

በ1981 ግን ፌርናንዶ ቫሌንዙዌላ መጣ። ሜክሲኮ፣ ሶኖራ ውስጥ ካለች ትንሽ የገጠር መንደር የወጣ፣ 20 ዓመት የሞላው፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ሊወረውር ሲል ዓይኑን ወደ ሰማይ የሚያንጋጥጥ ልጅ። የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። በዚያው ዓመት የምርጥ አዲስ ተጫዋችና የምርጥ ወርዋሪ ሽልማትን አንድ ላይ ወሰደ፤ ይህን ከእርሱ በፊትም በኋላም ያደረገ የለም። እንግሊዝኛ ስለማይችል ጋዜጠኞች ፊት የሚያስተረጉምለት የቡድኑ የስፓኒሽ አስተላላፊ፣ ከኢኳዶር የመጣው ሃይሜ ሃሪን ነበር። ያ የተኮረፈ ሜዳ ከዚያ ወዲህ የስፓኒሽ ተናጋሪዎች ቤት ሆነ። ቫሌንዙዌላ በ2024 ሲያርፍ ከተማው እንዴት እንዳለቀሰ አይቻለሁ፤ ጎዳናው በአበባና በሻማ ተሞልቶ ነበር።

ስለ ፖርቶ ሪኮአዊው የቤዝቦል ተጫዋች ስለ ሮቤርቶ ክሌሜንቴም አንድ ነገር። በ1972 መጨረሻ ዕለት፣ በመሬት መንቀጥቀጥ ለተጎዳችው ኒካራጓ እርዳታ ጭኖ ከፖርቶ ሪኮ ሲነሣ አውሮፕላኑ ወድቆ ሞተ። ያን ዓመት ነበር 3,000ኛውን ምት የመታው። ቤዝቦል ዛሬ ለበጎ አድራጊ ተጫዋች የሚሰጠው ትልቁ ሽልማት በስሙ ነው።

እስቲ ይሁን (ሚኒያፖሊስ)

ነርሷ እህቴ፣ የጻፍሽው ልቤን ነክቶታል። ግን ማንም የማይደፍረውን ልናገር፦ ደመወዝ። እዚህ በቀለም ቅብ ሥራ ለብዙ ዘመን ቆይቻለሁ። ወረቀት የሌለው ሰው በግማሽ ዋጋ ሲቀርብ አሠሪው እኔን ምን ያደርገኛል? ይህን ስናገር ዘረኛ እንዳትሉኝ፤ እኔም ጥቁር ስደተኛ ነኝ።

የሸለቆው ነርስ (ፍሬስኖ)

ማንም ዘረኛ አይልህም ወንድሜ። ጥያቄህን ከአንተ በፊት ያነሣው ቻቬዝ ራሱ ነው። ባለርስቶቹ አድማውን ለመስበር ወረቀት የሌላቸውን ከድንበር ማዶ ያስመጡበት ስለነበር ማኅበሩ በ1970ዎቹ እነዚያን ሰዎች ለኢሚግሬሽን ይጠቁም ነበር። በ1974 ይህንን በዘመቻ መልክ አድርጎታል። ብዙ የሜክሲኮ ወጣቶች በዚህ ተቆጥተው በግልጽ ተቃውመውታል። ኋላ ላይ ማኅበሩ አቋሙን ቀይሮ የ1986ቱን ምሕረት ደገፈ። በዚያ ሕግ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ወረቀት አግኝቷል፤ ከመካከላቸው ሐበሾችም ነበሩበት።

በእኔ ግምት ዋጋህን የሰበረው ልጁ ሳይሆን የልጁ ፍርሃት ነው። መክሰስ የማይችል ሰው የተሰጠውን ይቀበላል። ወረቀት ሲያገኝ ደግሞ እንዳንተ ይደራደራል።

አዳምስ ሞርጋን (ዋሽንግተን ዲሲ)

እንግዲህ ተራዬ ደረሰ።

አዳምስ ሞርጋንና ማውንት ፕሌዛንት የሚባሉትን የዲሲ ሰፈሮች የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ የእኛ ምግብ ቤቶች 18ኛው ጎዳና ላይ ሲከፈቱ ጎረቤቶቻችን ሳልቫዶራውያን ነበሩ። ሁለታችንም በ1980ዎቹ ከጦርነት ሸሽተን የመጣን ነን። እኛ ከደርግ፣ እነርሱ ከእርስ በርስ ጦርነታቸው። ልዩነቱ ይህ ነው፦ እኛ ከኮሚኒስት መንግሥት ስለሸሸን ጥገኝነት ስንጠይቅ ጆሮ እናገኝ ነበር። እነርሱ የሸሹት ግን ዋሽንግተን ከምትረዳው መንግሥት ስለነበር ጥያቄያቸው በአብዛኛው ይጣል ነበር። ወረቀት አልባ ሆነው ሕንፃ ያጸዳሉ፣ ሰሃን ያጥባሉ።

በግንቦት 1991 ማውንት ፕሌዛንት ውስጥ አንዲት ፖሊስ አንድ ሳልቫዶራዊ ስትይዝ በጥይት አቆሰለችው። ሰፈሩ ተነሣ። ለቀናት መኪና ተቃጠለ፣ አስለቃሽ ጭስ ተረጨ፣ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ሱቃቸው የተሰበረባቸው የእኛም ሰዎች አሉ፤ በዚህ የተነሣ እስካሁን የሚያኮርፉ ሽማግሌዎች አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የሆነውን ተከተሉኝ። የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ኮሚሽን መጥቶ መረመረ፤ በ1993 ባወጣው ሪፖርት የዲሲ አስተዳደር ላቲኖዎችን እንደበደለ፣ ከፖሊስ እስከ ማኅበራዊ አገልግሎት ድረስ በቋንቋቸው የሚያናግራቸው ሰው እንደሌለ ጻፈ። የሰፈሩ ድርጅቶች ያንን ወረቀት ይዘው ዓመታት ወተወቱ። ሲወተውቱም ብቻቸውን አልነበሩም፤ የእስያና የአፍሪካ ማኅበረሰቦችን አብረው ይዘው ነበር።

በ2004 የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ወጣ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ለመጣው ሰው ሁሉ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ ተናጋሪው በበዛበት ቋንቋ ደግሞ ዋና ዋና ቅጾቻቸውን ማስተርጎም ግዴታቸው ነው። ከስፓኒሽ ቀጥሎ ከተቆጠሩት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። እናቴ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ሄዳ «አማርኛ» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ስታይ መንግሥት በድንገት የወደዳት መስሏት ነበር!

ሌላም አለ። አገሩ ጦርነት ወይም አደጋ ላይ ያለ ሰው እዚህ ቆይቶ እንዲሠራ የሚፈቅደው ጊዜያዊ ጥበቃ፣ በምህጻር ቲፒኤስ የምንለው፣ በ1990 ሕግ ሲፈጠር በስም ተጠቅሳ የገባችው አገር ኤል ሳልቫዶር ነበረች። የማሳቹሴትሱ ተወካይ ጆ ሞክሊ ለእነርሱ ሲል ዓመታት የታገለበት ነገር ነው። በ2022 መጨረሻ ያ ሕግ ለኢትዮጵያውያን ሲዘረጋ ከእኛ ስንቱ ሰው ሥራ ፈቃድ እንዳገኘ እዚህ መድረክ ላይ ያላችሁ ትመሰክራላችሁ።

የድምፅ መስጫ ወረቀትም እንደዚሁ። በ1975 የምርጫ መብት ሕግ ሲሻሻል በሌላ ቋንቋ ወረቀት እንዲዘጋጅ ያስገደደው ክፍል የገባው በዋነኛነት በቴክሳስና በደቡብ ምዕራብ ሜክሲኳውያን ግፊት ነው።

እስቲ ይሁን፣ የልጅ ልጃቸው ስፓኒሽ ይርሳ፤ እሺ። ሕጉ ግን ቀርቷል። በሕጉ የሚጠቀመውም ነገ ከቬኔዙዌላ ወይም ከጎንደር የሚመጣው ሰው ነው።

እስቲ ይሁን (ሚኒያፖሊስ)

የቲፒኤሱን አላውቅም ነበር። የእህቴ ልጅ ሥራ ፈቃድ ያገኘው በእርሱ ነበር። በደመወዙ ላይ ግን ከአቋሜ አልተነቃነቅሁም።

ባለ ክራር (ፍራንክፈርት)

ከአውሮፓ ሆኜ ሳነብ ቆየሁ። አንድ ጥያቄ፦ ቴክሳስ የነበረ ዘመዴ የላከልኝን የሜክሲኮ ሙዚቃ ከፍቼ ሳዳምጥ ጀርመናዊው ጎረቤቴ «ይህ የአያቴ ሠርግ ሙዚቃ ነው» አለኝ። አኮርዲዮኑ እውነትም እዚህ በበዓል ከምሰማው ጋር አንድ ነው። አጋጣሚ ነው ወይስ ምክንያት አለው?

ወጥ ቤት (ሳን አንቶኒዮ)

ጎረቤትህ ትክክል ነው! በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመኖችና ቼኮች ቴክሳስ ውስጥ በብዛት ሰፍረው ነበር። አኮርዲዮናቸውንና ፖልካቸውን ይዘው መጡ። አብረዋቸው እርሻ ላይ የሚሠሩት ሜክሲኳውያን መሣሪያውን ተቀበሉ፣ ባለ አሥራ ሁለት አውታሩን ባሆ ሴክስቶ ጨመሩበት፣ ግጥሙን በስፓኒሽ አደረጉት። ኮንሁንቶ የሚባለው እርሱ ነው። ቴክሳስ ያደገው ናርሲሶ ማርቲኔዝ በ1930ዎቹ በሸክላ ቀርጾ አስፋፋው። በ2025 ያረፈው የከተማችን ልጅ ፍላኮ ሂሜኔዝ ደግሞ ዓለም አዞረው። እስከ ዛሬ ብዙዎቹ የሚጫወቱት በጀርመኑ ሆነር አኮርዲዮን ነው። እናንተ ጋ ተሠርቶ፣ እኛ ጋ ሜክሲኳዊ ሆኖ፣ ተመልሶ በስልክ እናንተ ጋ መጣ።

ቅዳሜ ገበያ (ዴንቨር)

መምህር፣ አንድ ነገር ያስረዱኝ። ሲንኮ ዴ ማዮ የሜክሲኮ የነፃነት ቀን ነው ብለው መሥሪያ ቤታችን ኮፍያና ቢራ አመጡ፤ ሜክሲኳዊት ባልደረባዬ ግን ፊቷን አዞረች። ምን በድለናት ነው? ሁለተኛው ጥያቄዬ ለወጥ ቤት ነው፦ በጾም ቀን ከሥራ ቦታዬ አጠገብ ያለው የሜክሲኮዎች ቤት ብቻ ነው። ምን ልዘዝ?

ጡረተኛ መምህር (ኦክላንድ)

ልጄ፣ የነፃነት ቀናቸው መስከረም ወር ውስጥ ነው፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 16። ሲንኮ ዴ ማዮ በ1862 የሜክሲኮ ጦር በጄኔራል ዛራጎዛ መሪነት ፑኤብላ ላይ የፈረንሳይን ጦር ያሸነፈበት ነው። የአውሮፓ ኃያል መንግሥት ጦር፣ ደሃ በተባለ አገር ሲረታ! ከ34 ዓመት በኋላ ዓድዋ ላይ የሆነውን ለሚያውቅ ሰው ስሜቱ አይጠፋውም። ልዩነቱ፣ ፈረንሳዮች በዓመቱ ተመልሰው ከተማዋን ይዘዋታል።

በሜክሲኮ በዓሉ የሚከበረው ይበልጡኑ ፑኤብላ ውስጥ ነው። የጀመሩት ካሊፎርኒያ ያሉ ሜክሲኳውያን ሲሆኑ፣ ያኔ አሜሪካ ራሷ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ስለነበረች የፑኤብላን ድል ባርነትን ከሚቃወመው ወገን ጋር አያይዘው ያዩት ነበር። በ1980ዎቹ የቢራ ኩባንያዎች ያዙት፤ ኮፍያውን ያመጡት እነርሱ ናቸው። የዓድዋን ቀን አንድ ሰው የውሸት ጎፈር ለብሶ ቢጨፍርበት ምን ይሰማሽ እንደነበር አስቢና የባልደረባሽን ፊት እይው።

ወጥ ቤት (ሳን አንቶኒዮ)

ቅዳሜ ገበያ፣ የበቆሎ ቶርቲያ፣ ጓካሞሌ (የአቮካዶ ማባያ)፣ ሳልሳና የተጠበሰ ቁልቋል ካላቸው እርሱን እዘዢ። ቁልቋሉን ኖፓል ይሉታል፤ ሞክሪው፣ ፎሶሊያ ፎሶሊያ ይላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቦሎቄው ላይ ነው። የተፈጨው ቦሎቄ በብዙ ቤት የሚጠበሰው በአሳማ ስብ ነው፤ ሩዙም አንዳንዴ በዶሮ መረቅ ይበስላል፤ የስንዴ ቶርቲያውም ስብ ሊኖርበት ይችላል። «ሲን ማንቴካ» በያቸው፤ ያለ ስብ ማለት ነው። በድስት የተቀቀለው ሙሉ ቦሎቄ ካላቸው ግን እርሱ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ በውኃ፣ በሽንኩርትና በጨው ብቻ የሚሠራ ቢሆንም መጠየቁ አይከፋም። ሳልቫዶራውያን ጋ ከሄድሽ ደግሞ ፑፑሳውን ያለ አይብ እንዲያደርጉልሽ ንገሪያቸው፤ አለበለዚያ የቦሎቄ ብለሽ ያዘዝሽው አይብ ተጨምሮበት ሊመጣ ይችላል።